ቱርቦውን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ጉልበት ያጣች አሮጌ የናፍታ መኪና እንዴት ትመረመራለች?

ቱርቦ ያላት አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ጉልበት ስታጣ፣ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ እንኳ ሳይከፈት ቱርቦው እንዳለቀለት ይነገራል። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ደግሞ ውድ ዕቃ ነው፤ አዲሱ በቀላሉ አይገኝም፣ ከሶማሌ ተራ የሚገዛው ያገለገለ ዕቃም ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። እኔ ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው ድረስ ከዚህ ችግር ጋር ስታገል ቆይቼ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው ዋጋው ለሁለት ሰው ምሳ በማይበቃ አጭር የጎማ ቱቦ ላይ ነበር። በመካከሉ የወጣው ገንዘብና የባከነው ጊዜ ግን ቀላል አልነበረም። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ሰዎች እኔ በዞርኩበት መንገድ እንዳትዞሩ የሆነውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

መኪናዬ የ1993 እ.ኤ.አ. ምርት የሆነች ላንድ ክሩዘር 80 ናት። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው ናፍታ ሲሆን መጠሪያው 1ኤችዲ-ቲ ነው። ኮምፒውተር የላትም፤ ነዳጁን የሚመጥነው በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ ፖምፓ ነው፤ ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለርም የላትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥፋት ሲፈጠር ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ መብራት የለም፣ መሣሪያ ሰክቶ ኮድ ማንበብም አይቻልም። ያለው ዓይን፣ ጆሮና ቀላል መለኪያ ብቻ ነው። በዚያው ዘመን የተሠሩ ቱርቦ ያላቸው ፒክአፖችና መለስተኛ የጭነት መኪኖች አሠራራቸው ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ለእነሱም ያገለግላል።

ችግሩ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። ወደ ደሴ በየጊዜው ስለምመላለስ መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል እስከ ጣርማ በር ዋሻ ድረስ ያለው ዳገት ለማንኛውም ሞተር ፈተና ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራው ዋሻ ያለበት ቦታ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ እወጣው የነበረውን ጠመዝማዛ በሁለተኛ መውጣት ጀመርኩ፤ እየቆየም ጭነት የያዙ አይሱዙዎች ከኋላዬ እየደረሱ ጥሩንባ ያሰሙኝ ጀመር። አዲስ አበባ ውስጥ ግን መኪናዋ ምንም የሆነች አትመስልም ነበር፤ በከተማ መንገድ ቱርቦው ሙሉ ኃይሉን የሚጠየቅበት አጋጣሚ እምብዛም የለምና። የሞተሩ ሙቀት ደህና ነበር፣ ድምፁም ደህና ነበር፣ ከጭስ ማውጫውም የተለየ ጭስ አይወጣም ነበር። ይህ የመጨረሻው፣ ማለትም ጭስ አለመኖሩ፣ ከሁሉም የሚበልጥ ፍንጭ ነበር፤ ነገር ግን ጋራዥ ስሄድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እናንተ ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት በስንተኛ ማርሽ፣ በስንት የሞተር ዙር፣ ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ የሳልቫትዮው ነዳጅ ሲጎድል ይብሳል ወይስ አይብስም፣ ጭሱስ ምን ዓይነት ቀለም አለው የሚለውን በወረቀት ላይ አስፍራችሁ ሂዱ።

እዚህ ላይ በሽታውን ከከፍታው መለየት ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 77 ይወርዳል፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ 70 ገደማ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሞላውም፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች የቱርቦው ግፊት የሚገደበው ከውጭው አየር ጋር እየተነጻጸረ ስለሆነ፣ የውጭው አየር ሲሳሳ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ድምርም አብሮ ይቀንሳል። ቱርቦው መግፋት የሚጀምርበት የሞተር ዙርም ዘግየት ይላል። ስለዚህ ከአፋር ቆላ ወደ ደጋ ስትወጡ መኪናችሁ ትንሽ ብትከብድ አትደንግጡ። መመርመር ያለባት ያው መኪና፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት ከአምናው ስታንስ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ የአየር ፊልትሮውን በኮምፕረሰር ነፋ፣ የናፍታ ፊልትሮውን ቀየረ፣ ለውጥ ሲጠፋ ደግሞ ፖምፓው ላይ ያለውን የነዳጅ መጠን የሚወስን ብሎን ወደ ውስጥ አዞረ። ይህ ብሎን ከፋብሪካው ሲወጣ የታሸገ ነው፤ የታሸገውም ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናዋ ለጥቂት ጊዜ የዳነች መሰለች፤ ከመነሻዋ ላይ ጠንከር ብላ ትስብ ጀመር፣ እኔም ደስ አለኝ። በሚቀጥለው የደሴ ጉዞ ግን ደብረ ሲና ዳገት ላይ ከኋላዬ ያለው መንገድ በጥቁር ጭስ ተሸፈነ፤ ከዚያ በፊት ከቦታው ተነቃንቆ የማያውቀው የሙቀት ጠቋሚም ከመካከል አልፎ መውጣት ጀመረ። ናፍታ ሞተር ውስጥ ለነዳጁ የሚበቃ አየር ሳይኖር ነዳጅ ሲጨመር የሚቃጠለው ጋዝ ሙቀት ይጨምራል፤ ይህ ሙቀት ረጅም ዳገት ላይ ከቆየ ፒስተንን፣ ቴስታታንና ራሱን ቱርቦውን ይጎዳል። ብዙ የናፍታ ባለሙያዎች ከቱርቦው በፊት የሚለካው የጭስ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለረጅም ጊዜ እንዳይቆይ ይመክራሉ። ጥፋቱ ሳይታወቅ ብሎኑን ማዞር ጉዳቱ ይህ ብቻ አይደለም፤ የበሽታውን ምልክትም ይለውጠዋል። ጭስ የሌላት ደካማ መኪና ጭስ ያላት ደካማ መኪና ትሆናለች፣ ቀጥሎ የሚያያት ሰውም ሌላ በሽታ ያያል።

የሆነውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ጥቁሩን ጭስ አይቶ፣ አየር አንሷል፣ ቱርቦው ሞቷል አለ። ቱርቦው ተፈታ፤ መካኒኩ ዘንጉን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ጎን ወዘወዘውና «ይኸው፣ ይጫወታል» ብሎ አሳየኝ። በእርግጥም ይወዛወዝ ነበር። በዚያን ሰዓት የምመልሰው ቃል አልነበረኝም፤ ቱርቦውን በጨርቅ ጠቅልዬ ቱርቦ ወደሚያድሱ አንድ አዛውንት ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት።

እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ የእጅ ባትሪ አብርተው፣ መጀመሪያ ያዩት ዘንጉን ሳይሆን አየር የሚገባበትን የክንፎቹን ጫፍ ነበር። በአቧራ አልተበላም፣ የቤቱን ግድግዳም አልነካም። ከዚያ ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ሳብ አደረጉት፤ ምንም አልተሰማቸውም። ቀጥለው ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርገውበት ዘንጉን አዟዟሩና እኔ በጣቴ እንድወዘውዘው ሰጡኝ፤ ቅድም የነበረው መወዛወዝ አብዛኛው ጠፍቶ ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ ቱርቦ ዘንግ የሚቀመጥባቸው ቡሽንጎች በዘይት ላይ ተንሳፍፈው የሚሠሩ ናቸው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ወደ ጎን ትንሽ መወዛወዙ የአሠራሩ ጠባይ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ብልሽት የሚባለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእጅ የሚሰማ እንቅስቃሴ ሲኖር፣ ክንፎቹ ግድግዳውን የፈተጉበት ምልክት ሲታይ፣ ጫፋቸው ሲበላ ወይም ዘይት በብዛት ወደ አየር ቱቦው ሲያልፍ ነው። ይህን ብቻ ብታውቁ እንኳ ብዙ ደህና ቱርቦ ከመጣል ይድናል።

«ልጄ፣ ይህን አላድስልህም፤ ምንም አልሆነም» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ዳገት ላይ ጉልበቷ ለምን ያንሳል? ጭሱስ?»

«ጭሱ የመጣው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ብሎኑ ከተነካ ወዲህ መሆኑን ስነግራቸው ሳቅ አሉ። «እንግዲያው መጀመሪያ እሱን ወደ ነበረበት አስመልሰው። ቱርቦ የሚሠራው ባገኘው ልክ ነው፤ ያልበላ በሬ አያርስም።»

የነገሩ መዞሪያ ይህ ነበር፤ ምክንያቱን ለመረዳት ግን ቱርቦው እንዴት እንደሚሠራ ማሰብ ያስፈልጋል። ቱርቦን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ጉልበት የሚኖረው ደግሞ በቂ ነዳጅ ሲቃጠል ነው። ቱርቦው ሲሽከረከር አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ ከዚህ ከተገፋው አየር ጥቂቱ በአንዲት ቀጭን ቱቦ ተመልሶ ወደ ፖምፓው አናት ይሄዳል። እዚያ ክብ ቆብ አለ፤ ከቆቡ ሥር ዲያፍራም የሚባል ስስ ጎማ ተዘርግቷል። የአየሩ ግፊት ዲያፍራሙን ወደ ታች ሲጫነው ፖምፓው «አየር መጥቷል» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ነዳጁ ሲጨምር ጋዙ ይበረታል፣ ቱርቦው ይፈጥናል፣ አየሩም ይጨምራል። እንግዲህ ይህ ክብ በየትኛውም ቦታ ቢቆረጥ፣ አየሩም ነዳጁም አብረው ያንሳሉ። የቱርቦ ግፊት ማነሱ ቱርቦው መበላሸቱን አያረጋግጥም፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተርም ጤነኛውን ቱርቦ የታመመ ያስመስለዋል። ይህን የነገረኝ ጋራዥ አልነበረም።

ቱርቦው ወደ ቦታው ተመለሰ። ብሎኑን ያዞረው መካኒክ ስንት ዙር እንዳዞረ ያስታውስ ስለነበር ወደ ነበረበት አስመለስኩት፤ ባያስታውስ ኖሮ ፖምፓው ወርዶ በመፈተሻ ማሽን ላይ መስተካከል ነበረበት፣ ሲገጠምም የነዳጅ መርጫ ጊዜው እንደገና በመለኪያ ሊስተካከል ነው። ማንም ሰው የፖምፓ ብሎን ከመንካቱ በፊት በቀለም ምልክት አድርጋችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ፣ የዞረውን መጠን ጻፉ። ብሎኑ እንደተመለሰ ጭሱ ጠፋ፤ መኪናዋም ወደ ቀድሞ ድክመቷ ተመለሰች። እንግዳ ቢመስልም ያን ቀን ደስ አለኝ፤ እውነተኛው ምልክት ተመልሶ መጥቷልና።

ስለ ጭስ የተማርኩትን እዚህ ላይ ልበል። ሞተሩ ሞቆ፣ ዳገት ላይ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ፣ ወፍራም ጥቁር ጭስ ከወጣ ነዳጁ ከአየሩ በልጧል፤ ስለዚህ የምትፈልጉት ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ በአየር በኩል ነው፣ አለዚያም ነዳጅ የሚረጩት ኖዝሎች በደንብ አይበትኑም። መኪናዋ ደክማ ጭስ ከሌላት ነዳጅ አንሷታል፤ ከሳልቫትዮው ጀምሮ እስከ ፖምፓው ድረስ ያለውን መንገድ ፈትሹ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ወደ ሲሊንደር የሚገባ የራዲያተር ውኃ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ሁኔታ ረጅም መንገድ አትሂዱ። በእኛ ከፍታ ፔዳሉ ድንገት ሲረገጥ ቱርቦው እስኪነሳ ለአፍታ የሚታይ ግራጫ ጭስ ግን የተለመደ ነው። ሾፌሩ የራሱን ጭስ በመስታወት በደንብ አያየውም፤ ወዳጃችሁ በሌላ መኪና ከኋላ ይከተላችሁ፣ ቢቻል ሲመሽ፣ የኋለኛው መኪና መብራት ጭሱን አጉልቶ ያሳያልና።

ቀጥሎ መለካት ነው። የግፊት ጌጅ ገዝቼ፣ ቱርቦው አየር በሚሰጥበት ማኒፎልድ ላይ በቲ መጋጠሚያ አስገጠምኩና ቱቦውን በመስኮት ወደ ውስጥ አሳለፍኩት። ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሞተሩን ማስጮህ ምንም አይነግራችሁም፤ ጭነት የሌለበት ሞተር ብዙ ጋዝ ስለማያወጣ ጤነኛ ቱርቦም ቢሆን እምብዛም አይገፋም። እኔ የመረጥኩት ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት ነው። ሁልጊዜ አንድ መነሻ፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ፤ ጌጁን የሚያነብብ ሌላ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል፤ ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገድ ማንሳት የለበትም። ጌጁ ከ0.35 ባር አላልፍ አለ። ቁጥሩ ብቻውን ጥፋቱን አይናገርም፤ ጥቅሙ እያንዳንዱ ጥገና ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ያለ ግምት ማሳየቱ ነው። ለመኪናችሁ የሚጠበቀውን ልክ ከአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ላይ ተመልከቱ።

ከዚያ ቀላሉን አስቀድመን ፈተሽን። ጎማዎቹን በጃክ አንስተን በእጅ አዞርናቸው፤ የሚይዝ ፍሬን የለም። የሞተሩ ዙር ከፍ ሲል ፍጥነቱም አብሮ ስለሚጨምር ፍሪሲዮኑ አይንሸራተትም። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጦ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ ፖምፓው ላይ ያለው ክንድ ማቆሚያውን መንካቱን አየ፤ ነካ። ይህን የመጨረሻውን ፍተሻ አትናቁ። ከፔዳሉ ሥር የተደረበ ወፍራም ምንጣፍ ወይም የላላ ገመድ ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ እንዳያገኝ ያደርጋል፤ ለዚህ ብሎ ፖምፓ ያስወረደ ሰው አውቃለሁ።

የነዳጁን መንገድ የፈተሽነው በጀሪካን ነው። ንጹሕ ናፍታ የያዘ ትንሽ ጀሪካን ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርገን በገመድ አጥብቀን አስረን፣ ከሳልቫትዮው የሚመጣውን ቱቦ ነቅለን፣ ወደ ፊልትሮው የሚገባውን ጫፍ በአዲስ ቱቦ ከጀሪካኑ ጋር አገናኘን፤ ተራፊው ነዳጅ የሚመለስበትን ቱቦም ወደዚያው አዞርን። መኪናዋ በጀሪካን ስትሄድ ጉልበቷ ከተመለሰ ጥፋቱ በሳልቫትዮው ማጣሪያ፣ በቧንቧው ወይም በሳልቫትዮው ክዳን መተንፈሻ ላይ ነው ማለት ነው። ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ከበርሜል የተቀዳ ናፍታ የተጠቀማችሁ ከሆነ በተለይ ማጣሪያውን ጠርጥሩ፤ ዝቃጩና ውኃው እዚያ ይቀራል። ከፊልትሮው እስከ ፖምፓው ያለውን ቱቦ ለጊዜው ብርሃን በሚያሳልፍ ቱቦ ብትተኩት ደግሞ አየር እየሳበ ከሆነ አረፋው ሲያልፍ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እኛ ዘንድ አረፋም የለም፣ የጌጁም ንባብ እዚያው 0.35 ላይ ነበር። ሳልቫትዮውና ቧንቧው ደህና ናቸው ማለት ነው። የቀረው ፖምፓው ራሱና ያቺ ቀጭን ቱቦ ነበሩ።

ለእሷ ምርመራ የተጠቀምነው መሣሪያ ከፋርማሲ የተገዛ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው፤ መርፌ የለውም፣ ባዶው ብቻ። ቱቦዋን ከማኒፎልዱ በኩል ነቅለን፣ በፖምፓው በኩል እንደተገጠመች ትተን፣ የስሪንጁን አፍ ሰክተን ዘንጉን ገፋነው። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ጣት ላይ የሚሰማ ግፊት ይኖራል፤ ጣት ሲለቀቅም ዘንጉ ወደ ኋላ ይመለሳል። የኛው ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ መጨረሻ ወረደና እዚያው ቀረ። መጀመሪያ ዲያፍራሙ ተቀዷል ብለን አዘንን፤ ዲያፍራም ማለት ፖምፓ ማስከፈት ነውና። ነገር ግን ቱቦዋን ሙሉ በሙሉ አውጥተን ስሪንጁን በቀጥታ ከፖምፓው ቆብ ላይ ስንሰካው ዘንጉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጠጠረ፤ ስንለቀውም ተመልሶ ወጣ። ዲያፍራሙ ደህና ነው። ቱቦዋን ወስደን በጨርቅ ጠርገን፣ በፀሐይ ብርሃን ጎንበስ ጎንበስ አድርገን አጠፍናት። በፖምፓው በኩል፣ ፋሼታው ከሚይዝበት ቦታ ሥር፣ ወደ ሞተሩ በሚዞረው ጎኗ ላይ፣ የጥፍር ርዝመት የሚያህል ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ቱቦዋ ስትዘረጋ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ከላዩ ደግሞ የዓመታት አቧራና ዘይት ስላለበት ቦታው ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታይም። በሙቀትና በዕድሜ የደረቀ ጎማ ነው፤ ማንም አላበላሸውም፣ ማንም አልፈተሸውም እንጂ።

አዲስ ቱቦ ስትገዙ ሙቀትና ዘይት የሚችል፣ ግድግዳው የተጠናከረ ይሁን፤ የውኃ ወይም የሐኪም ቤት ቱቦ ሞተር አጠገብ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከማኒፎልዱ የሚወጣውን ቀጭን ቀዳዳም በሽቦ አጽዱት፤ በዘይትና በጥላሸት ሊደፈን ይችላልና። አዲሷን ቱቦ ገጥመን በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ ስንወጣ ጌጁ 0.6 ባር ደረሰ። የፖምፓው ብሎን አልተነካም፤ ጭስም አልጨመረም። ጣርማ በርንም እንደ ድሮው በሦስተኛ እወጣዋለሁ፤ አይሱዙዎቹም ከኋላ ቀርተዋል።

የእናንተ መኪና ጥቁር ጭስ ያላት ከሆነ ፍለጋችሁ የሚሄደው በሌላኛው አቅጣጫ ነው። ከቱርቦው በኋላ ያለው አየር የሚያፈስስ መሆኑን ለማወቅ የቱርቦውን የአየር መግቢያ በተስማሚ ክዳን ዘግታችሁ፣ በክዳኑ በኩል ከግማሽ ባር ብዙም ያልበለጠ አየር አስገብታችሁ፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውኃ ቀቡ፤ የሚያፈስበት ቦታ አረፋ ይሠራል። ከዚያ በላይ ግፊት አትስጡ፤ አየሩ ወደ ሞተሩ ውስጥ አልፎ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግዱትን ሲሎች ይጎዳል። ትርፍ ጋዝ የሚያስወጣው የቱርቦው በር ከጥላሸት የተነሳ ተከፍቶ የቀረ እንደሆነ ግፊቱ አይነሳም። የዚህ በር መቆጣጠሪያ ጎማው ሲቀደድ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ በሩ ሳይከፈት ይቀርና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ማርሚታው ውስጡ ፈርሶ የጭሱን መንገድ ዘግቶ እንደሆነም ተመልከቱ። የአየር ፊልትሮውን በኮምፕረሰር እየነፉ ከማቆየት መቀየሩ ይሻላል፤ ኃይለኛ አየር ወረቀቱን ይበሳዋል፣ በቀዳዳው የገባው አቧራም የቱርቦውን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በምንም ዓይነት ያለ ፊልትሮ «ለሙከራ» አትንዱ።

የአክስቴ ልጅ የ2005 እ.ኤ.አ. ፕራዶ ደግሞ ኮምፒውተር ያለው የኮመን ሬል ናፍታ ነው። እሱ ጋ ኮድ ይነበባል፤ ሆኖም የተነበበው ኮድ የአየር ግፊት ማነሱን ብቻ ስለሚናገር፣ ለእሱም ቱርቦ ግዛ ተባለ። እኛ ስልክ ቪዲዮ እየቀረጸ ኮፈኑ ውስጥ ከሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ አርቀን በደንብ አሰርንና ዳገት ወጣን። ቪዲዮው ላይ ከአየር ፊልትሮ ወደ ቱርቦው የሚሄደው ወፍራም ጎማ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሲጣበቅ፣ ሲለቀቅ ደግሞ ክብ ሲሆን ይታያል። ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት ትነት ከውስጥ በኩል አለስልሶት ነበር፤ መኪናው ቆሞ በእጅ ሲዳሰስ ግን ደህና ይመስላል። ጎማው ተቀየረ፣ ቱርቦውም እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ቱርቦው በእውነት ካለቀ፣ የገደለው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ሌላ አትግጠሙ። ዘይት የሚያመጣለት ቀጭን ቧንቧ በተቃጠለ ዘይት ተደፍኖ ከሆነ አዲሱም ብዙ አይቆይም፤ ቧንቧውን ማጽዳት ሳይሆን መቀየር ነው። ዘይቱ ወደ ሞተሩ የሚመለስበት መንገድም ክፍት መሆን አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ተከማችቶ በሲሉ በኩል ያፈስሳል። የሞተር ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይሩ። በመጨረሻም አዲሱ ቱርቦ ሲገጠም በዘይት መግቢያው በኩል ንጹሕ ዘይት ሙሉት፤ ነዳጅ የሚዘጋውን ሶሌኖይድ ሽቦ ነቅላችሁ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ ሞተሩን በሞተሪኖ ብቻ አዙሩት፤ ሽቦውን መልሳችሁ ካስነሳችሁ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ፔዳሉን ሳትነኩ ቆዩ።